ስውር ዓምድ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ፣ የደመወዝ ፋይል ወደ ሌላ ክፍል ከመላኩ በፊት የሚሰማው ይህን ይመስላል፦ «አቦ፣ የተጣራውን ኮለም ሃይድ አድርጋት!» «ደብቃት» የሚል አይገኝም። ፍቺው ያው ነው፤ ጆሮ ግን ይለያቸዋል። «ደበቀ» ሲባል ኦዲተር ትዝ ይላል፣ «ሃይድ አደረገ» ሲባል ሥራ ነው። ባዕድ ቃል ከ«አደረገ» ጋር ሲጣመር ከነውር ነጻ ይወጣል፤ «ሰረዘው» ብንል የምንጠየቅበትን «ዲሊት አደረገው» ስንል ቀለል ያለ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ድሬዳዋ ለባዕድ ቃል አዲስ አይደለችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋም ቃሎቿም አብረው ወረዱ። «ለገሃሬ» ጣቢያው ነው፣ «ፉርጎ» የዕቃ ሠረገላው፤ ሁለቱም ከፈረንሳይኛ። «ቢሮ»ም እንዲሁ፤ ፈረንሳዮቹ መጀመሪያ «ቢሮ» ይሉት የነበረው የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚለብሰውን ሸካራ የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ ቀጥሎ ጠረጴዛውን፣ በመጨረሻም ክፍሉን በዚያው ስም ጠሩት።

የእኛው «ሠንጠረዥ»ም ከጨርቅ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ዛሬ ረድፍና ዓምድ ያለው ሁሉ ሠንጠረዥ ነው፤ ጥንት ግን የቼዝ ዓይነት ጨዋታ ነበር። ሥሩ የሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ነው፤ አራት ክፍል ያለው ጦር ማለት ነው፦ ዝሆን፣ ፈረሰኛ፣ ሠረገላና እግረኛ። ፋርሶች «ቻትራንግ»፣ ዓረቦች «ሻትራንጅ» አሉት። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከ«ር» ኋላ የነበረው «ን» ዘልሎ ከ«ጠ» ፊት ገባ፣ «ጅ»ም ወደ «ዥ» ለሰለሰ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ጽፈዋል። አጀማመሩ ለብቻው ያስገርማል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እጃቸው በፈጠነ መጠን ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ይህም «ወረራ» ይባላል። ገበታው ደግሞ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ይሰፋበትና 64 አንድ ዓይነት ባዶ ቤቶች ይወጣሉ። አዲስ የኤክሴል ገጽ የከፈተ ሰው ይህን ገበታ ያውቀዋል። ቃሉን ከጨዋታ ወደ ሒሳብ ወረቀት ያሻገረውም ይህ መስመር ይመስለኛል። እንግሊዞችም ግምጃ ቤታቸውን «ኤክስቼከር» ያሉት ገንዘብ ይቆጠርበት ከነበረው፣ የቼዝ ገበታ ከሚመስለው ጨርቅ ነው።

«ዓምድ» የግዕዝ ምሰሶ ነው፤ ንጉሡ ዓምደ ጽዮን «የጽዮን ምሰሶ» ማለት ነው። ዓረብኛና ዕብራይስጥም ይህንኑ ሥር ይጋሩታል። የላቲኑ «ኮሉምና»ም ምሰሶ ስለሆነ «ኮለም» ያለውና «ዓምድ» ያለው አንድ ነገር ብለዋል። ኤክሴል ላይም ስሙ ይሠራል፦ ዓምዱ ከዓይን ቢጠፋም ድምሩ አይናጋም፣ የተሰወረው ቁጥር ሁሉ ይደመራል።

በረድፍና በዓምድ መገናኛ ላይ ያለችው «ሴል» ከላቲን «ሴላ»፣ ከትንሽ ክፍል የመጣች ናት፤ ሥሯ መሸፈንና መሰወር ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሰማት ከኮምፒውተር በፊት ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ኅቡዕ ድርጅቶች አባሎቻቸውን በሴል ያደራጁ ነበር። «ኅቡዕ» ራሱ ከግዕዙ «ኀብአ»፣ ደበቀ፣ የወጣ ነው።

ዓምድ የሚሰወረው በእጅ ብቻ ሳይሆን በማክሮም ነው። «ማክሮ»ን ዛሬ ሁሉም የሚያውቃት ከማክሮ ኢኮኖሚ ዜና ነው። በግሪክኛ ረጅም ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ማክሮ ግን የሚያሳጥር ነው፤ በአንድ ስም ሲጠራ ብዙ ትእዛዝ ተዘርግቶ ይፈጸማል። ኤክሴል ውስጥ ማክሮ የሚጻፍበት ቪዥዋል ቤዚክ እ.ኤ.አ. በ1993 ገባ። ዓምድ ለመሰወር አንድ መስመር ይበቃል፦ ከሲ እስከ ኢ ያሉት ዓምዶች «ሂደን» የተባለው ባሕርያቸው «ትሩ»፣ እውነት፣ ይሁን። ለመሰወር «እውነት» ተብሎ መጻፉ የፕሮግራም ቋንቋ ቀልድ ነው።

ታዲያ «ሃይድ»ን በአማርኛ እንበለው ቢባል የቱ ይሻላል? «ደበቀ» ጥፋተኛ አለበት። «ሸሸገ» ለሰው ይስማማል፤ የሚታደን ሰው ቤት ውስጥ ይሸሸጋል። እኔ «ሰወረ»ን እመርጣለሁ። «ከክፉ ይሰውርህ» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ መሰወርን እንደ ጥበቃ ያውቀዋል፤ የሥራ ባልደረባን ደመወዝ ከማይመለከተው ዓይን ማራቅም ጥበቃ ነው። ጥበቃው ግን ደካማ መሆኑን ማወቅ ይገባል፦ ከላይ ያሉት ፊደሎች ከቢ ዘልለው ወደ ኤፍ ስለሚሄዱ ያየ ሁሉ ያውቃል፣ በቀኝ ጠቅታ «አንሃይድ» ማለትም ይበቃል። ገጽን በሙሉ ለመሰወር ኤክሴል «ቬሪ ሂደን» የሚል ሌላ ደረጃ አለው፤ በእሱ የተሰወረ ገጽ በምናሌው አይመለስም፣ ኮድ ውስጥ መግባት ይጠይቃል። ለዓምድ ግን ይህ ደረጃ አልተሠራለትም፤ ስለዚህ የደመወዙን ፋይል ከመላክ በፊት ዓምዱን ከቅጂው ላይ ማጥፋት ይሻላል።