ከእውነታ መሸሽና የእስረኛ ንባብ፦ ስለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አተረጓጎም

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በሥነ ጽሑፍ ሂስ መድረኮቻችን ላይ በተደጋጋሚ ከተሰነዘሩት ክሶች አንዱ «ከእውነታ መሸሽ» የሚለው ነው። የፍቅር ታሪክ ወይም የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሲያሳድድ የሚውል ወጣት ከመደብ ትግሉ እንዳፈገፈገ ይቆጠር ነበር፤ ይህን መሰሉን የሚያቀርብለት ደራሲም የሕዝቡን ችግር ረስቶ አንባቢውን በሕልም ዓለም የሚያንሳፍፍ ይባል ነበር። የክሱ መነሻ ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት መሆኑ የታወቀ ስለሆነ በዚህ ላይ አልዘገይም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በዚያው ዘመን፣ ይህንኑ ክስ ይዞ ባደገው ትውልድ መካከል፣ ክሱን እንደገና እንድንመረምረው የሚያስገድድ አንድ ታሪክ ተፈጽሟል፤ ይኸውም ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰበት ታሪክ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። ሽሽት በአማርኛ የሚያስከብር ቃል አይደለም። የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ ሸሽቶ የመጣ ሰው በፉከራውም በቀረርቶውም ይሰደባል። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ ዓለምን ትቶ ገዳም የገባውን ሰው ሸሸ አይለውም፤ መነነ ይለዋል። ሁለቱም ትተው ሄደዋል፤ አንዱ ይዋረዳል፣ ሌላው እጁ ይሳማል። እንግዲህ በቋንቋችን ውስጥ ትቶ መሄድ በራሱ የሚያስነውር ወይም የሚያስመሰግን አይደለም ማለት ነው፤ የሚመዘነው ከምን ተሸሸ፣ ወዴትስ ተሄደ በሚለው ነው። የሂስ ባለሙያዎቻችን «መሸሽ» የሚለውን ቃል ሲመርጡ ውግዘቱ አብሮት ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም።

ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.አ.አ. በ1939 በስኮትላንድ የቅዱስ እንድርያስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር ይህንኑ ልዩነት አንሥቶ ነበር። በእርሱ አስተያየት ተቺዎች የእስረኛን ማምለጥ ከከዳተኛ ወታደር ኩብለላ ጋር ያደባልቃሉ፤ እስር ቤት ያለ ሰው ከግድግዳና ከጠባቂ ሌላ ነገር ቢያስብ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ቶልኪን እስረኛውን ያመጣው ለምሳሌ ነው። ማዕከላዊ ውስጥ ግን እስረኛው ምሳሌ አልነበረም።

ማዕከላዊ ምርመራ በደርግ ዘመን ምን እንደነበረ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በተለይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በከተሞች በተፋፋመ ጊዜ ከታጎሩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ተማሪዎችና የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ቀኑ በምርመራ ፍርሃት፣ ሌሊቱ ስሙ ተጠርቶ የሚወጣውን በመጠበቅ ያልፍ ነበር። የሚቸል መጽሐፍ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጂ እንዲህ ባለ ስፍራ ነው ነቢይ እጅ የገባው፤ እርሱም እንግሊዝኛውን ማንበብ ለማይችሉት ጓደኞቹ ጭምር እንዲደርስ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። መጻፊያ ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ባኮ ውስጥ በሚገኘው ብርማ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ወረቀቶቹ 3,000 ያህል ነበሩ። የመጀመሪያው እትም ከ1,000 ገጽ በላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ገጽ በአማካይ ሦስት ያህል የባኮ ወረቀት ደርሶታል ማለት ነው፤ ጽሕፈቱ ምን ያህል የደቀቀ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ተርጓሚው ራሱ ገና ታስሮ ሳለ ወረቀቶቹ ከእስር በሚፈቱ ሰዎች አማካይነት በሲጋራ ባኮ ተደብቀው ጥቂት በጥቂት ወጡ፤ ኋላም ተሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታተሙ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሸሹት ወደየት ነው? የሚቸል ልብ ወለድ እ.አ.አ. ከ1861 እስከ 1865 ከተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዋዜማ ተነሥቶ ከጦርነቱ በኋላ ያሉትን ዓመታት ይተርካል። በውስጡ የሚቃጠል ከተማ አለ፤ ረኀብ አለ፤ በአንድ ሌሊት የፈረሰ ሥርዓት አለ። ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ውድቀት በኋላ ለታሰረ ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ እንግዳ አገር አልነበረም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የስካርሌት ኦሃራ ነገር ነው። ስካርሌት የባለ ርስት ልጅ ናት፤ ባሮች የሚያርሱት የጥጥ እርሻ ወራሽ ናት፤ ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሙጥኝ የምትለው ታራ የተባለውን ርስቷን ነው። አንባቢዎቿስ እነማን ናቸው? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» እያለ አደባባይ የወጣው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያየው ትውልድ ልጆች ናቸው። በመደብ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ስካርሌት ጠላት ነበረች። በእስር ቤት ግን ያቺው ሴት የተሸነፈች፣ የተራበች፣ ነገር ግን ያልሞተች ሰው ሆና ተነበበች። በእኔ እምነት ከፖለቲካ እምነታቸው አልወጡም፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው መትረፍን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እርሱንም ከስካርሌት አገኙት።

ይህን ስል ግን መጽሐፉን ከነውሩ ላጥበው አልፈልግም። ሚቸል የጻፈችው የዘር መድልዎ በሕግ ጸንቶ በነበረበት ጆርጂያ ነው። ባሮቹ በባርነታቸው የረኩ፣ ነፃነት ያሳከራቸው ተደርገው ተሥለዋል፤ ኩ ክሉክስ ክላንም እንደ ተበዳዮች መከታ ቀርቧል። እ.አ.አ. በ1939 ከመጽሐፉ የተሠራው ፊልም በአትላንታ ሲመረቅ፣ በውስጡ የተጫወተችው ሐቲ ማክዳንኤል ጥቁር በመሆኗ በምረቃው ላይ መገኘት አልቻለችም። እንግዲህ ለደቡቡ ነጭ አንባቢ መጽሐፉ በእርግጥ ከእውነታ መሸሻ ነበር፤ የተሸሸውም ከራስ በደል ነው። ቶልኪን ኩብለላ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ያው መጽሐፍ ማዕከላዊ ሲደርስ ሌላ ሥራ ሠራ። ስለዚህ «ከእውነታ የሚያሸሽ መጽሐፍ» እያሉ በመጽሐፉ ላይ ብቻ ፍርድ መስጠት አያዋጣም። አንባቢው የት ተቀምጦ እንዳነበበው መጠየቅ ያሻል። የሂስ ታሪካችን ይህን ጥያቄ እምብዛም አልጠየቀም።

ሌላም አለ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ከየቤቱ ሰው ሬዲዮ ከብቦ ያዳምጥ ነበር። ፀረ ፊውዳል ይዘቱ ፈቃድ ሳያሰጠው አልቀረም። አድማጩ ግን የባላባት ሥርዓት ትችት ለመስማት ብቻ ተቀምጦ ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ነበር የሚጓጓው። የሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ የአንድ ሰው ድምፅ አድማጩን ጎጃም ወስዶ ይመልሰው ነበር።

ወደ ትርጉሙ ልመለስና ተግባሩን ለብቻው ልመልከት። ማንበብና መተርጎም አንድ ዓይነት ሽሽት አይደሉም። አንባቢ ራሱን ሊረሳ ይችላል፤ ተርጓሚ አይችልም። የጆርጂያን የአትክልት ስም፣ የቀሚሱን ዓይነት፣ የጥቁሮቹን አነጋገር በአማርኛ ምን ልበለው እያለ በእያንዳንዱ ቃል ላይ መቆም አለበት። መዝገበ ቃላትና ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ደግሞ የሚጠይቀው የራሱን ትውስታና አጠገቡ ያለውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሥራ እስረኛው ለራሱ የሚያወጣው የሥራ ሰዓት ነው፤ ቀኑን ከመርማሪው ቀምቶ የራሱ ያደርገዋል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ትርጉሙ ግን በመጽሐፍነቱ እየተነበበ ነው፤ የባኮዎቹም ነገር በተርጓሚው አንደበት ብዙ ጊዜ ተነግሯል።

በመጨረሻ ስለ ርእሱ። ሚቸል ለመጽሐፏ የሰጠችው ርእስ ከኧርነስት ዳውሰን ግጥም የተወሰደ ሲሆን ከነፋስ ጋር ስለ ሄደው፣ ስላለፈው ነገር የሚናገር ነው። ነቢይ ይህን ትቶ የስካርሌትን የመጨረሻ ሐሳብ ለአማርኛው ርእስ አደረገው። ሚቸል ራሷ መጽሐፉን ስትጽፍ ካሰበቻቸው ርእሶች አንዱ፣ ኋላ የተወችው፣ ይኸው «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለው ነበር።