የኢስታንቡል ሐማሞች፦ ውኃው፣ ማገዶውና ገቢው

ሐማም ከሥሩ በእሳት የሚግል፣ ውስጡ በእብነ በረድ የተነጠፈ፣ ሰው በሚፈስ ውኃ ገላውን የሚታጠብበት የሕዝብ መታጠቢያ ነው። ዛሬ ለዕረፍት ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ ጎብኚ ከአያ ሶፊያና ከታላቁ ገበያ ቀጥሎ ሳይሞክረው አይመለስም። ሲሠራ ግን የመዝናኛ ቤት ተብሎ አልነበረም። ከመስጊድ፣ ከትምህርት ቤትና ለድኾች ምግብ ከሚበስልበት ቤት ጋር አብሮ የሚታነጽ፣ የሰፈሩን ሕዝብ የሚያጸዳ፣ ከሁሉም በላይ ለእነዚያ ተቋማት ገንዘብ የሚያስገባ ሕንጻ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከጉልላቱ ውበት ይልቅ ውኃው ከየት እንደመጣ፣ ማገዶው ምን ያህል እንደከበደና ገቢው ወዴት እንደሄደ በመከተል መረዳት ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሐማም ሥር ሮማዊ ነው። ሮማውያን በደረሱበት ከተማ ሁሉ ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለና ሙቅ ክፍል ያለው የሕዝብ መታጠቢያ ይሠሩ ነበር፤ ወለሉንም በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ አንሥተው ከሥሩ የእሳት ትኩሳት ያሳልፉ ነበር። የዛሬዋ ኢስታንቡል የሆነችው ቁስጥንጥንያም ይህን ወርሳለች። ከፈረስ መጋለቢያው አጠገብ የነበረው የዘውክሲጶስ መታጠቢያ በሐውልቶቹ የታወቀ ነበር፤ በ532 በኒቃ ዐመፅ ተቃጥሎ ዐፄ ዮስጢንያኖስ እንደገና አሠርቶታል። ውኃውን ከሩቅ ኮረብታ የሚያመጡት ቦዮችና በቅስት ላይ የቆሙ ድልድዮች ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በከተማይቱ ውስጥ ነበሩ።

ሙስሊሞች ሶርያን ከቢዛንታውያን ሲወስዱ መታጠቢያዎቹንም አገኙ፤ አላፈረሷቸውም። በዮርዳኖስ በረሓ ያለው ቁሰይር ዐምራ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የኡመያው መስፍን ወሊድ ኢብን የዚድ ያሠራው ይህ ትንሽ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው፤ በሙቁ ክፍል ጉልላት ላይ ሰማዩ ከነከዋክብቱ ተሥሏል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ትልቁ ነገር ያለው በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ነው። እዚያ ስድስት ነገሥታት በተርታ ቆመዋል፤ ስማቸውም በግሪክኛና በዐረብኛ ተጽፏል። ከሮም ቄሣር፣ ከፋርሱ ኪስራና ከስፔኑ ሮደሪክ ጋር የአክሱም ንጉሥ፣ ነጃሺው፣ አለ። ሥዕሉ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ሆኖም ከአክሱም ነገሥታት አንዱ በባዕድ አገር መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ መገኘቱ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በእስልምና ውስጥ መታጠቢያው አንድ ትልቅ ለውጥ አደረገ። ሮማውያን በጋራ ገንዳ ውስጥ ይነከሩ ነበር፤ ሙስሊሞች ግን ለሙሉ የገላ ትጥበት የሚፈስ ውኃን ስለሚመርጡ የጋራ ገንዳው ከተራው ሐማም ጠፋ። በምትኩ በየግድግዳው ሥር ትንንሽ የእብነ በረድ ጎድጓዳዎች ተተከሉ፤ ታጣቢው ከጎድጓዳው በመዳብ ጣሳ እየቀዳ በላዩ ያፈሳል። ገንዳ የቀረው ፍል ውኃ ከመሬት በሚፈልቅበት ቦታ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የኦቶማን ቱርኮች ቀደምት መዲና በነበረችው በቡርሳ፣ ወይም በኋላ በያዟት በቡዳፔስት። በቡዳፔስት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቱርክ ገዥዎች የሠሩት የሩዳሽ መታጠቢያ ስምንት ማዕዘን ያለው ገንዳው ዛሬም ይሠራል።

የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ በ1453 ቁስጥንጥንያን ሲይዝ ከተማይቱ በሕዝብ ብዛት የመነመነች ነበረች። ሰው እንዲሰፍርባት ከመስጊዱና ከገበያው ጋር መታጠቢያም ያስፈልግ ነበር። የሱልጣኑ ታላቅ ሹም ማሕሙድ ፓሻ በ1466 ያሠራው ሐማም ከከተማይቱ ቀደምት ሐማሞች አንዱ ነው፤ ሕንጻው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የሚያገለግለው ግን ለሱቅ ነው። የግንባታው ሁሉ ሞተር ወቅፍ ነበር። ሱልጣን፣ የሱልጣን እናት ወይም ሹም ሐማም ያሠራል፤ ሕንጻውን ለዘለዓለም እንዳይሸጥ አድርጎ ለአንድ መስጊድ ወይም ለአንድ የበጎ አድራጎት ተቋም ይሰጣል፤ የወቅፉ አስተዳዳሪ ሐማሙን ለነጋዴ ያከራያል፤ ኪራዩ የኢማሙን ደመወዝ፣ የመምህሩን ቀለብና የድኾቹን ሾርባ ይከፍላል። ታጣቢው የሚከፍለው ትንሽ ሳንቲም ነው፤ ግን የማይመጣ ሰው ስላልነበረ ገቢው አስተማማኝ ነበር። አብዛኛው የኢስታንቡል ሕዝብ የሚኖረው በእንጨት ቤት ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ውኃ ማፍላትና ገላ መታጠብ አስቸጋሪም፣ ለእሳት አደጋ የሚያጋልጥም ነበር።

የሕንጻው አሠራር ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከመንገድ የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሰፊና ከፍ ያለ ጉልላት ያለው ልብስ ማውለቂያ አዳራሽ ነው፤ መካከሉ ላይ ብዙ ጊዜ ፏፏቴ አለ። ቀጥሎ ገላ ከሙቀቱ ጋር የሚለማመድበት ለብ ያለ ክፍል አለ፤ መጸዳጃውና ጠጉር የሚነሣበት ትንሽ ክፍል የሚገኙትም በዚህ በኩል ነው። በጥንቱ ዘመን ጠጉር የሚነሣው በምላጭ ብቻ አልነበረም፤ ከኖራና ከአርሰኒክ ማዕድን የተቀመመ፣ ከቆየ ቆዳ የሚልጥ ቅባትም ነበር። በመጨረሻ ሙቁ ክፍል ይመጣል። መካከሉ ላይ ቱርኮች ጎበክ ታሽ የሚሉት ትልቅ የእብነ በረድ መደብ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ ጎድጓዳዎቹና ለብቻ መታጠብ ለሚፈልግ የተከለሉ ጓዳዎች ናቸው። መስኮት የለም፤ ብርሃኑ የሚገባው በጉልላቱ ላይ ከተደረደሩ ክብ መስታወቶች ነው፤ ግንበኞቹ የዝሆን ዓይን ይሏቸዋል።

ጎብኚው የማያየው ክፍል ከጀርባ ያለው ምድጃ ነው፤ የሐማሙ ነፍስ ያለችውም እዚያ ነው። ከምድጃው በላይ በመዳብ ጋን ውስጥ ውኃው ይፈላል። ጭሱና ነበልባሉ ወዲያው ወደ ላይ እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ ምሰሶ ላይ በቆመው ወለል ሥር ተሳቦ ካለፈ በኋላ በግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ይወጣል። ስለዚህ አንዱ እሳት ውኃውን፣ ወለሉንና ግድግዳውን በአንድ ጊዜ ያሞቃል። ወፍራሙ ግንብ ሙቀቱን ይይዛል፤ ከቀዘቀዘ ግን መልሶ ማሞቅ ብዙ ጊዜና ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ስለዚህ ምድጃው ሌሊትም አይጠፋም ነበር። ቤት የሌላቸው የከተማይቱ ልጆች በክረምት የሚያድሩት ከምድጃው አመድ አጠገብ ነበር፤ በጊዜ ብዛትም የራሳቸው አለቃና ሥርዓት ያላቸው፣ ሰፈሩ የሚፈራቸው ወሮበሎች ሆኑ።

16ኛው ክፍለ ዘመን የሐማም ወርቃማ ዘመን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ በአብዛኛው አንድ ሰው፣ ዋናው መሐንዲስ ሲናን ነው። ሲናን ለሱልጣን ሱሌይማን የውኃ ቦዮችንም ሠርቷል፤ በ1560ዎቹ የተጠናቀቀው የኪርክቼሽሜ የውኃ መስመር ባይኖር በከተማይቱ ያን ያህል ሐማም መክፈት አይቻልም ነበር። ጎብኚዎች በብዛት የሚያውቁት የሱሌይማን ባለቤት የሁረም ሱልጣን ሐማም በ1556 እና 1557 በአያ ሶፊያ ፊት ለፊት፣ የዘውክሲጶስ መታጠቢያ በነበረበት አካባቢ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 75 ሜትር ያህል ሲሆን የወንዶቹና የሴቶቹ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ገጥመው በአንድ መስመር ላይ ተዘርግተዋል፤ በሮቹ ግን በሁለቱ ጫፎች ስለሆኑ ገቢዎቹ አይተያዩም። ሕንጻው ባለቀበት በ1557 የሱሌይማን ወታደሮች በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን ይዘዋል፤ ኢትዮጵያን ያን ጊዜ ይገዙ የነበሩት ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው።

ቼምበርሊታሽ የሚባለው ሐማም ወቅፍ እንዴት እንደሚሠራ ከሁሉ በተሻለ ያሳያል። ያሠራችው የዳግማዊ ሰሊም ባለቤትና የሣልሳዊ ሙራድ እናት ኑርባኑ ሱልጣን ናት። ገቢው እንዲውል የታሰበው ከባሕሩ ማዶ በኡስኩዳር ላሠራችው መስጊድና ለተጓዳኝ ተቋማቱ ነው። ሐማሙ በ1584 ሲያልቅ እርሷ ሞታለች፤ ገንዘቡ ግን መግባቱን ቀጠለ። በቶፓኔ ወደብ ያለው የክሊች አሊ ፓሻ ሐማም ደግሞ ለመርከበኞች የተሠራ ነው። ክሊች አሊ በደቡብ ጣሊያን ተወልዶ በባሕር ወንበዴዎች የተማረከ፣ ኋላም የኦቶማን ባሕር ኃይል አዛዥ የሆነ ሰው ነው።

በውስጡ የሚሠሩት ሰዎች ታሪክ ከሕንጻዎቹ ታሪክ ያነሰ ተጽፏል። ወንዶችን የሚያጥበው ተላክ፣ ሴቶችን የምታጥበው ናትር ትባላለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኢስታንቡል ተላኮች ብዙዎቹ ከአልባንያ ሥራ ፍለጋ የመጡ ጎልማሶች ነበሩ። በ1730 ሱልጣን ሣልሳዊ አሕመድን ከዙፋን ያወረደውን ዐመፅ የመራው ፓትሮና ኻሊልም አልባንያዊ ነበር፤ ተላክ ነበር የሚሉም አሉ። ከዚያ በኋላ መንግሥት አልባንያውያንን በሐማም መቅጠር ከለከለ፤ በ1752 ደግሞ የከተማይቱን ሐማሞችና ሠራተኞቻቸውን በመዝገብ አሰፈረ። ሙቀትና ውኃ ባለበት ቤት ብዙ ሰው እንደሚሰበሰብ፣ የተሰበሰበ ሰው ደግሞ እንደሚያወራ ቤተ መንግሥቱ በደንብ ገብቶት ነበር።

ለሴቶች ሐማሙ ከዚህም በላይ ነበር። ከቤት መውጣት በብዙ መንገድ በሚከለከልበት ዘመን ያለ ነቀፋ ውለው የሚመለሱበት ቦታ ይህ ነው። ሽርጡን፣ ሳሙናውን፣ ሻካራውን የገላ መፈተጊያና በሉል ቅርፊት ያጌጠውን ከፍ ያለ የእንጨት ጫማ በጥልፍ ጨርቅ ቋጥረው፣ ምግብም ይዘው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ይሄዳሉ። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ አራስ በወለደች በ40ኛው ቀን ወደ ሐማም በጨዋታና በዘፈን ይወሰዳሉ። ወንድ ልጅ ያላት እናትም የወደፊት ምራቷን አካልና አመል የምትመረምረው እዚያው ነው፤ ከዚህ የተሻለ የመመርመሪያ ቦታ ማግኘት በእርግጥ ይከብዳል።

የውጭ ሰው ስለዚህ ዓለም በሰፊው የሰማው በአንዲት እንግሊዛዊት ደብዳቤ ነው። የአምባሳደሩ ሚስት ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1717 በሶፍያ ወደ ሴቶች ሐማም ገብታ ያየችውን ስትጽፍ የሴቶቹን ጨዋነት አደነቀች፤ ቦታውንም ወንዶች ከሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ጋር አመሳሰለችው። ሴቶቹ በበኩላቸው ወገቧን የሚያስረውን ጠንካራ የውስጥ ልብስ አይተው ባሏ የቆለፈባት መሰላቸው። ደብዳቤዎቹ ከታተሙ በኋላ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢንግር ከእነርሱ እየገለበጠ፣ ምሥራቁን አንድም ቀን ሳያይ፣ በ1862 በ82 ዓመቱ «የቱርክ መታጠቢያ» የሚለውን ሥዕሉን ፈረመ። በራቁት ሴቶች የተሞላው ይህ ሥዕል ስለ ፓሪስ ምኞት እንጂ ስለ ኢስታንቡል ሐማም ብዙ አይናገርም፤ ዳሩ ግን በቱሪስት ማስታወቂያዎች ላይ ጥላው እስከ ዛሬ አለ። በዚያው ዘመን በብሪታኒያዊው ዲፕሎማት በዴቪድ ኧርካርት መጽሐፍ የተነሣሡ ሰዎች በ1856 በአየርላንድ ብላርኒ፣ በ1862 ደግሞ በለንደን የቱርክ መታጠቢያ ከፈቱ። እነዚያ ግን በደረቅ ሞቃት አየር ስለሚሠሩ ከኢስታንቡሎቹ ይልቅ ለጥንቱ ሮም ይቀርቡ ነበር።

በኢስታንቡል ያን ጊዜ ግንባታው ቆሞ ነበር። ለአያ ሶፊያ ቤተ መጻሕፍት ገቢ እንዲሆን ቀዳማዊ ማሕሙድ በ1741 ያሠራው የጃሎሉ ሐማም ከታላላቆቹ የመጨረሻው ነው። ሣልሳዊ ሙስጠፋ በ1768 አዳዲስ ትላልቅ ሐማሞች እንዳይሠሩ አገደ፤ ምክንያቱም ከተማይቱ ውኃና እንጨት አንሷት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመቀነስ ታሪክ ነው። በ1868 መንገድ ሲሰፋ የቼምበርሊታሽ የሴቶች ልብስ ማውለቂያ በከፊል ፈረሰ። በ1530ዎቹ ለኦቶማኑ የባሕር ኃይል አዛዥ ለባርባሮስ ኻይረዲን ፓሻ የተሠራው የዘይረክ ቺኒሊ ሐማም በግድግዳው ላይ የነበሩት የኢዝኒክ ሸክላ ጡቦች ተነቅለው ለአውሮፓ ተሸጡ። የሁረም ሱልጣን ሐማም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጋዘን፣ ኋላም ምንጣፍ መሸጫ ሆነ። ቧንቧና የቤት መታጠቢያ በየቤቱ ሲገባ ተራው ደንበኛ ቀረ፤ ወቅፎቹም ከእንግዲህ ከሐማም ኪራይ የሚጠብቁት ብዙ አልነበረም።

የጎደለውን ደንበኛ የተካው ቱሪስቱ ነው። የሁረም ሐማም በ2011፣ የክሊች አሊ ፓሻ በ2012፣ የዘይረክ ቺኒሊ 13 ዓመት ከፈጀ እድሳት በኋላ በ2023 ለታጣቢ ተከፍተዋል። የአገልግሎቱ ቅደም ተከተል ከጥንቱ ብዙ አልራቀም። እንግዳው ልብሱን አውልቆ ሽርጥ ያገለድማል፤ ወንድ ሽርጡን በሙቁ ክፍል ውስጥም አይፈታም። ላብ እስኪያጠምቀው በመደቡ ላይ ይጋደማል፤ ከዚያ አጣቢው በሻካራ ጓንት ገላውን ሲፈትገው እድፉ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ቀጥሎ በጨርቅ ከረጢት ተነፍቶ የወጣ የሳሙና አረፋ ይሸፍነዋል፤ እሽት ይከተላል፤ በጣሳ ውኃ ይለቀለቃል። በመጨረሻ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሎ በመግቢያው አዳራሽ ሻይ እየጠጣ ያርፋል። ለአጣቢው ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው።

በታዋቂዎቹ ሐማሞች ዋጋው የሚወሰነው በውጭ አገር ሰው ኪስ ስለሆነ የሰፈሩ ነዋሪ ብዙም አይገባባቸውም። ከዋናው የቱሪስት መንገድ ራቅ ባሉ ሰፈሮች ግን ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ቀን ወይም ሰዓት የሚታጠቡባቸው፣ ዋጋቸው የቀለለ፣ እብነ በረዳቸው ያረጀ ሐማሞች አሉ። በባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ከተሞች ያሉ ሆቴሎች ደግሞ በምድር ቤታቸው አነስተኛ ሐማም ሠርተው ወንድና ሴት አብረው እንዲገቡ ይፈቅዳሉ። እነዚህ አዳዲሶቹ በወለላቸው ሥር እሳት የላቸውም፤ የሚሞቁት በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ነው።