ሪዞባክቴሪያ

«ሪዛ» በግሪክኛ ሥር ነው። ሪዞባክቴሪያ የምንላቸው በተክል ሥር ዙሪያ ሰፍረው፣ ሥሩ የሚያመነጨውን ስኳር እየተመገቡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሥሩን የከበበችውን ቀጭን አፈር ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር በ1904 እ.ኤ.አ. ሪዞስፌር ብሏታል።

ቃሉ ለአርባ ምንጭ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የዓባያና ጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ቆላ ነው፤ የመስኖ ውኃ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። እዚያ የሚለማው ሙዝ ደግሞ ጨው አይችልም። ጨው የበዛበት ተክል ኤትሊን የተባለውን ጋዝ አብዝቶ ያመነጫል፤ ሙዝን የሚያበስለው ያው ጋዝ ነው! ሥር ላይ ሲበዛ ግን እድገትን ይገታል። አንዳንድ ሪዞባክቴሪያዎች ኤትሊን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ቀድመው ይሰባብሩታል፤ ሥሩም መርዘሙን ይቀጥላል። ሌሎች የሚዝለገለግ ፈሳሽ አመንጭተው ሶዲየምን ይይዛሉ። (ባቄላ ሥር ላይ ዕባጭ የሚሠራው ራይዞቢየም ሥራው ሌላ ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛል።)

ልብ በሉ፦ ሪዞባክቴሪያ ተክሉ ጨውን እንዲችል ያግዘዋል እንጂ ጨውን ከማሳ አያወጣም። ጨው የሚወጣው በደህና ውኃ ታጥቦ፣ ትርፉ ውኃ በቦይ ሲወርድ ነው። «ጨው አጥፊ ባክቴሪያ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙት።