የወፈረ ልብና ያበጠ ጫፉ፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

እ.ኤ.አ. በ1958 የለንደኑ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ዶናልድ ቲር በድንገት የሞቱ ወጣቶችን ልብ መርምረው፣ የግራና የቀኝ ታችኛ ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ ከሌላው ይልቅ መወፈሩን በጽሑፍ አሳወቁ። በ1970ዎቹ የልብ አልትራሳውንድ ሲስፋፋ ሐኪሙ ይህንኑ ውፍረት በሕይወት ባለ ሕመምተኛ ላይ ለማየት ቻለ። ሆኖም የልብ ጫፍ ከመሣሪያው ዕይታ በቀላሉ ያመልጥ ነበር።

በ2008 ማርቲን ማሮንና ባልደረቦቻቸው ካጠኗቸው 1,299 ሕመምተኞች መካከል በ28ቱ የግራው ታችኛ ክፍል ጫፍ ሳስቶ ወደ ውጭ አብጦ ተገኘ። አልትራሳውንድ የለየው 16ቱን ብቻ ነበር፤ የቀሩትን ያጋለጠው ኤምአርአይ ነው። ያበጠው ስፍራ ጠባሳ ስላለበት አደገኛ የልብ ምት መዛባትን ያስነሣል፤ ደም ስለሚያቁርም የረጋ ደም ተፈጥሮበት ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም የ2020 የአሜሪካ መመሪያ እብጠቱን ከድንገተኛ ሞት ጠቋሚዎች መካከል ቆጥሮታል።

ታሪኩ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች የሚያስተምረው ግልጽ ነው። «ግድግዳው ወፍሯል» ብሎ ጽፎ ምርመራውን መዝጋት አይበቃም። ጫፉ በአልትራሳውንድ በግልጽ ካልታየ «ደኅና ነው» ሳይሆን «አልታየም» ተብሎ ይመዝገብ፤ ሕመምተኛውም ለተጨማሪ ምርመራ ይላክ።