የደጋ ሞተር፦ ስለ ቱርቦ፣ ስለ ተራራና ስለ አጎቴ መኪና

አጎቴ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር አለችው። ቱሪስት እየጫነ ወደ ሰሜን ይሄድባታል፤ ሦስት ልጆቹን ያሳደገው በእሷ ነው። እንጦጦን ስትወጣ ከኋላዋ ያለ ሾፌር ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። ጥቁር ጭሷ ቀድሟት ሱሉልታ የሚገባ ነው የሚመስለው።

ሰሞኑን አንድ ጋራዥ «ቱርቦ እንግጠምላትና ትብረር» ብሎታል። ትንሽና ትልቅ አቅርበውለት ምክራቸው አጭር ነበር፤ «ትልቁ ይሻላል።» አጎቴ ግን እንቅልፍ አጥቷል። ምክንያቱም አንድ የሥራ ጓደኛው ባለፈው ዓመት ትልቁን አስገጥሞ፣ ሁለት ወር ሰፈሩን ሲያስቀና ከርሞ፣ ሊማሊሞ ዳገት ላይ ፒስተኑ ቀልጦ ቆሟል። ከነቱሪስቶቹ። «እስቲ አንተ የተማርከው፣ የቱ ይሻለኛል?» አለኝ።

ችግሩ እኔ የተማርኩት ታሪክ ነው። ታሪክ ያጠና ሰው ደግሞ ሲጨንቀው ወደ ኋላ ነው የሚሮጠው። እናም «ይሄ ቱርቦ የሚሉት ነገር መጀመሪያ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ጀመርኩ። ያገኘሁት መልስ እኛን የደጋ ሰዎችን በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ አረፈው።

አየር ያጣ ናፍጣ

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያነሳው በካንዴላ አይደለም። አየር ይስባል፣ አየሩን እስኪግል ድረስ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ናፍጣ ሲረጭበት ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሞተሩ ጉልበት የሚወሰነው በናፍጣው ብቻ ሳይሆን ባገኘው አየርም ነው። ናፍጣው በዝቶ አየሩ ሲያንስ ያልተቃጠለው በጭስ ማውጫው ጠቁሮ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው ሩብ ያህል ያንሳል። የአጎቴ መኪና እንግዲህ ሰነፍ አይደለችም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው።

መፍትሔውን ያሰበው አልፍሬድ ቡኺ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው (ከቡሄ ጋር ዝምድና የለውም)። በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከሞተር ወጥቶ በከንቱ የሚበተነው ትኩስ ጭስ አንድ ተሽከርካሪ ምላጭ ያዙር፤ ያ ምላጭ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ሌላ ምላጭ ያዙር፤ ሁለተኛው ደግሞ ንጹሕ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይግፋ። ሐሳቡ በአንድ ቀን ቢያልቅም ሥራው ሃያ ዓመት ወሰደ። ቡኺ የተሳካለት በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ 1,750 ፈረስ ጉልበት የነበራቸውን የመርከብ ናፍጣ ሞተሮች ወደ 2,500 ሲያሳድግ ነው።

ተራራው ላይ የተደረገው ፈተና

ለኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን አሜሪካ ነው ያለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቁጥር ሞተራቸው ይደክም ነበር። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሸን በጥቂት መቶ ሜትሮች ቢያንስ ነው።

ሞተሩ ባሕር ወለል ላይ 350 ፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ሲነሳ 230 ብቻ ሆነ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ።

ወዳጄ፣ እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ ቆም በል። ሞስ ተአምር አልሠራም፤ ሞተሩን ከተፈጥሮው በላይ አላስጮኸውም። ተራራው የወሰደበትን መለሰለት፤ ያ ብቻ ነው። በ1920 ሻለቃ ሩዶልፍ ሽሮደር በዚሁ ዓይነት ቱርቦ ከ10,000 ሜትር በላይ በረረ። እዚያ ላይ ራሱን ስቶ አውሮፕላኑ ቁልቁል ተምዘገዘገ፤ ነፍሱን ያወቀው መሬት ሊደርስ ሲል ነበር። ሞተሩ አየር ሲያገኝ አብራሪው ነበር አየር ያጣው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንዱን ክፍል ስታጠነክር ደካማው ሌላው ክፍል መሆኑን ነው።

መኪና ላይ ሲወጣ

ይህንን ትምህርት የመኪና ፋብሪካዎች በየተራ፣ አንዳንዶቹም በኪሳራ ነው የተማሩት። ኦልድስሞቢል በ1962 «ጄትፋየር» የምትባል የቤንዚን መኪና በቱርቦ ሠራ። ሞተሩ አየሩን አስቀድሞም አጥብቆ የሚጨምቅ ስለነበር ቱርቦ ሲጨመርበት እንዳይጎዳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይረጭለት ነበር። ባለቤቶቹ ፈሳሹን መሙላት ይረሳሉ፤ መኪናዋ ትደክማለች። ብዙዎቹ በመጨረሻ ቱርቦውን አስነቀሉት፤ መኪናዋም በ1963 ቆመች።

መርሴዲስ ግን በ1978 300ኤስዲን ሲያወጣ ተጠንቅቋል። ይህች በፋብሪካ ደረጃ የተመረተች የመጀመሪያዋ ባለ ቱርቦ የናፍጣ የቤት መኪና ናት። ሞተሩ ከ80 ገደማ ወደ 110 ገደማ ፈረስ ጉልበት አደገ። ለዚህች ጭማሪ ግን ፒስተኖቹ ከሥር ዘይት እየተረጨባቸው እንዲቀዘቅዙ ተደረገ፤ የጭስ ቫልቮቹም ሙቀት እንዲችሉ ሆነው እንደገና ተሠሩ።

ቶዮታም እንዲሁ። የአጎቴ መኪና ሞተር በ1990 የወጣውና በጽናቱ የሚታወቀው 1ኤችዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ። በዚያው ዘመን ቶዮታ 1ኤችዲ-ቲ የሚባል ባለ ቱርቦም አውጥቷል፤ ስፋቱ እስከ መጨረሻው ሲሲ ድረስ አንድ ነው። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። የአጎቴ ሞተር አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቃል፤ ባለ ቱርቦው 18.6 ገደማ ብቻ። የናፍጣ አረጫጨታቸውም ይለያል። ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ በአሮጌው ሞተር ላይ ዝም ብሎ አልለጠፈም ማለት ነው። እኛ የምንለጥፈው ግን እዚያው ላይ ነው።

እና የቱ ይሻላል?

አጎቴ ጋ ተመለስኩ። አንደኛ፣ አልኩት፣ ትልቅ ቱርቦ ከባድ ምላጭ አለው፤ እስኪነሳ ብዙ ጭስ ይፈልጋል። ጉልበቱ የሚመጣው ሞተሩ ሲጮህ ነው። አንተ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅህ ነው ሊማሊሞን የምትወጣው። ለዝቅተኛ ዙር ቶሎ የሚነሳው አነስተኛው ነው የሚያዋጣህ፤ በጣም ካነሰ ግን ሞተሩ ሲሮጥ ጭሱን ያፍነዋል።

ሁለተኛ፣ ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር የቆላ ቁጥር ነው። ጌጁ 0.7 ባር ሲያሳይ ጅቡቲ ላይ ቱርቦው አየሩን 1.7 እጥፍ ገደማ ነው የጨመቀው። አዲስ አበባ ላይ ለዚያው 0.7 ወደ 1.9 እጥፍ መጨመቅ አለበት። ከጅቡቲ እኩል አየር ስጠኝ ካልከው ደግሞ 2.2 እጥፍ ያልፋል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ለሚሽከረከር ዕቃ ይህ ቀላል ጭማሪ አይደለም። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ባር?» ከማለትህ በፊት «በስንት ሜትር ከፍታ?» በለው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጓደኛህን የበላው ቱርቦው ብቻ አይደለም፤ ፖምፓው ነው። ናፍጣው ሳይጨመር አየር ቢጨመር ጭሱ ይጠራል፣ የጭሱ ሙቀትም ይቀንሳል። ያኔ ሞስ ተራራው ላይ እንዳደረገው የጎደለህን አስመለስክ። መካኒኩ «ትብረር» ብሎ የፖምፓውን ብሎን ሲያጠብቅ ግን ሙቀቱ ይወጣል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስተንህ ከእሱ ነው የተሠራው። የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳታስገጥም ፖምፓ አታስነካ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቴስታታውና ኮምፕሬሽኑ ይታይ። የደከመ ሞተር ላይ የሚገጠም ቱርቦ ሞቱን ነው የሚያፋጥነው።

አጎቴ ዝም ብሎ ሰማኝና «ስለዚህ አትበርም በለኛ» አለ።

«አትበርም። ግን ትደርሳለች።»

በማግስቱ ኮምፕሬሽኗን ሊያስለካ ወሰዳት። ቱርቦ የመግጠሙ ነገር ውጤቱ እስኪታወቅ በይደር ቆይቷል። እንቅልፉ ግን ተመልሷል።