ጉዲፈቻና የዘር ልገሳ፦ ከታሪክ የተወሰደ ጥያቄ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምታገለግሉ ወገኖች፣ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ስለ እንቁላልና ስለ ወንድ ዘር ልገሳ ምክር ሲጠይቋችሁ ሁለት ታሪኮችን አስቡ።

አንደኛው በ1884 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ የሆነ ነው። ሐኪሙ ዊልያም ፓንኮስት፣ ባልዋ መካን የሆነን ሴት በክሎሮፎርም አደንዝዞ የአንድ ተማሪውን ዘር በማኅፀኗ አኖረ። ባልየው ኋላ ሲነገረው፣ ሚስቱ እንዳታውቅ ለመነ። ነገሩ በጽሑፍ የወጣው በ1909 ነው።

ሁለተኛው በደጃችን ያለ ነው። «ጉዲፈቻ» ማሳደግ ከሚል የኦሮምኛ ግሥ የወጣ ቃል ነው። በዚህ ሥርዓት ልጅ የሚሰጠው በወላጆቹ ፈቃድ፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ እንደ አብራክ ክፋይም ይወርሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ቃሉን ተቀብሎ ደንግጎታል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። የጉዲፈቻ ልጅ አስቀድሞ ተወልዷል፤ በልገሳ ግን ሦስተኛ ሰው ወደ ፅንሱ ይገባል። «አንድ ሥጋ» (ዘፍ. 2፥24) የሚያስነሣውን ጥያቄ ጉዲፈቻ አይመልሰውም። ግልጽነትን ግን ያስተምረናል፤ ሙሴም በፈርዖን ልጅ እጅ አድጎ ወንድሞቹን ያውቅ ነበር (ዘጸ. 2፥10–11)።

ስለዚህ ከሕክምናው በፊት ጠይቁ፦ ልጁ ከማን እንደ ተገኘ ማን፣ መቼ ይነግረዋል? መካንነት በሚያሳፍርበት ጉባኤ ምስጢር ይበዛል። ያን ኀፍረት ማንሣት የመጋቢ ሥራ ነው።