ከአርባ ልጆች እስከ ሪንከቢ ማዕድ ቤት

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ መንገዳቸው በኢየሩሳሌም አለፈ። እዚያም ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የናስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ ሊያስመጧቸው ወሰኑ። በዚያው ጉዞ ስቶክሆልምም ደርሰዋል። እዚህ ከተማ ተቀምጬ ስለ ሙዚቃችን ባሰብኩ ቁጥር እነዚህ ሁለት የአንድ ጉዞ ማረፊያዎች ይመጡብኛል። ያኔ የኦርኬስትራ ድምፅ የፈለገ ሰው ሰዎችን ማምጣት ነበረበት፤ ማብላት፣ ማኖርና ማስተማር ነበረበት።

የናስ ድምፅ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ መሣሪያዎች በቤተ መንግሥት ይነፉ ነበር። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚያ ወጣቶች ግን መምህራቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን ይዘው መጡ፤ ኬቮርክም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን አደራጅተው የአገራችንን ቅኝት ለናስና ለቫዮሊን አቀናበሩ። ከመሣሪያው ጋር አስተማሪ መጣ፤ አስተማሪው ተማሪ አፈራ፤ ተማሪውም በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ውስጥ ሌላ ተማሪ አፈራ። በዚያ ዘመን ቀረጻዎች የምንሰማው የሳክስፎንና የትራምፔት ጥራት የተወለደው ከዚህ ሰንሰለት ነው።

ስቶክሆልምም ድምፅዋን በአንድ ጀንበር አላገኘችም። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ ስሙ በመዝገብ የሚታየው እ.ኤ.አ. ከ1526 ጀምሮ ነው። በሆቶርየት አደባባይ የቆመው ሰማያዊ የኮንሰርት አዳራሽ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ ከሰላሙ በቀር የኖቤል ሽልማት በየዓመቱ የሚሰጠው በዚያ ነው፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ ነጋዴዎች ቲማቲምና ወይን ይሸጣሉ። ግሮሰሪ ይዤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ ሙዚቃ እዚህ አገር ከገበያው ጋር ጎን ለጎን መኖሩ ያስቀናኛል።

ከዚያ ድምፁ ከሰው መለየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው ሜሎትሮን የተባለ መሣሪያ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የቴፕ ክር ነበረው። ቁልፉን ስትጫን ቀደም ብሎ የተቀዳ ቫዮሊን ለስምንት ሰከንድ ያህል ይጮኻል፤ ከዚያ ክሩ ያልቃል፣ ጣትህን አንስተህ እንደገና ትጫናለህ። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር እንጀራችንን ሊቀማን ነው ብሎ ተቃወመው። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ዛሬ ሳምፕል ላይብረሪ የምንለው፣ አስቀድመው የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ ሁሉ፣ የዚያ የስምንት ሰከንድ ክር የልጅ ልጅ ነው።

ያ ስጋት በእኛ ቤት በሌላ በር ገባ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን መድረክ ሲያጠፋው አሥር ሰው የሚይዝ ባንድ ማኖር ከበደ፤ ብዙ ሙዚቀኛም ተሰደደ። ኪቦርድ መጣ፣ አንድ ሰው የአምስቱን ሥራ ያዘ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን ብቻውን የሠራው ካሴት በዚህ መንገድም ውበት እንደሚወለድ ይመሰክራል። ሆኖም ከኪቦርዱ ጋር አስተማሪ አልመጣም። ትራምፔቱ ከቅንብሩ ሲወጣ ትራምፔት የሚማር ልጅም አብሮ ጠፋ። ሠርግ ቤት የለመድነው የኪቦርድ «ብራስ» የዚያ መቋረጥ ድምፅ ነው፤ ስሰማው ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስቶክሆልም በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1994 እዚሁ የተመሠረተው ፕሮፔለርሄድ የተባለ ኩባንያ ሪዝን የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም በ2000 አወጣ፤ በሁለተኛው እትም ላይ «ኦርኬስተር» የሚባል የሲምፎኒ ድምፆች ስብስብ ጨመረበት። ኦርኬስትራ ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ሳጥን ተሸጠ ማለት ነው። ቆይቶም ማቲያስ ዌስትሉንድ የተባለ ስዊድናዊ በነጻ የተለቀቁ ቅጂዎችን ሰብስቦና አስተካክሎ «ሶናቲና ሲምፎኒክ ኦርኬስትራ» የሚል ስም ሰጥቶ ያለ ዋጋ ለቀቀ። መጠኑ 500 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣው «ቪኤስሲኦ 2 ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን» ባለቤቶቹ መብታቸውን ትተው ለሕዝብ የሰጡት ነው። በ2020 የወጣው የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ «ዲስከቨር» 33 መሣሪያዎችን ይዞ፣ መጠይቅ ሞልቶ ጥቂት ቀናት ለሚታገሥ ሰው በነጻ ተሰጠ። ሙሉው ላይብረሪ ግን ሲወጣ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነበር።

ልዩነቱን ማወቅ ለአቀናባሪ ይጠቅማል። ውዱ ላይብረሪ አንዷን ኖታ በለሆሳስ፣ በመካከለኛና በኃይል፣ እያንዳንዱንም ደጋግሞ ይቀዳል፤ አንድ ቁልፍ ተከታትለህ ስትመታ ቅጂዎቹን እያፈራረቀ ያሰማል። ነጻው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ ስለሚኖረው ድግግሞሹ እንደ መትረየስ ይሰማል። ስለዚህ በነጻ ላይብረሪ የሚሠራ ሰው ረጅም ኖታ ይመርጣል፣ ድምፁን በሞዱሌሽን ዊል፣ በኪቦርዱ ጎን ባለው መዘውር፣ ያሳድጋል ያሳንሳል፣ የተጋለጠ ሶሎ ግን አይሰጠውም። የፈቃድ ወረቀቱንም ያነባል፤ ብዙዎቹ በዘፈንህ ውስጥ እንድትጠቀምባቸው ይፈቅዳሉ፣ ድምፁን ነጥለህ እንድትሸጥ ግን አይፈቅዱም።

ባለፈው ክረምት በስቶክሆልም ዳርቻ ሪንከቢ ውስጥ አንድ ወንድማችን ቤት ነበርኩ። ማታ ማታ አረጋውያንን ይጦራል፣ ቀን መዝሙር ያቀናብራል። ስቱዲዮው የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ነው፤ ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ፣ ከጎናቸውም የቡና ረከቦት። በነጻ ላይብረሪ፣ በትዝታ ቅኝት የሠራውን የቫዮሊን ክፍል አሰማኝ። ሥርዓቱ ልክ ነበር፣ ነፍሱ ግን አልነበረም፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጥቂት ዘግይቶ ይነሳል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገርም ይቆረጣል። እሱም ያውቀዋል። የጎረቤቱን ልጅ ጠራት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ በከተማው የባህል ትምህርት ቤት ቫዮሊን ትማራለች።

«እንደ ማሲንቆ አድርጊልኝ፣ የኔ እናት» አላት።

መጀመሪያ ኖታውን እንደ ተጻፈ ተጫወተችው። ከዚያ እሱ በአፉ አንጎራጎረላት፤ ድምፁ የሚንሸራተትበትንና የሚርገበገብበትን ቦታ በጣቱ አየር ላይ አሳያት። ሦስተኛው ላይ ገባት። ያን አንድ እውነተኛ ቫዮሊን በነጻው ላይብረሪ ድምፅ ላይ ሲደርበው፣ ከኋላ ያሉት አሥራ ስድስት የማሽን ቫዮሊኖች ሁሉ የሚተነፍሱ መሰሉ። ባለሙያዎች ይህን ዘዴ ድሮም ያውቁታል። እኔን የነካኝ ግን ከቅንብሩ ይልቅ ልጅቷ ነበረች። ነርሲስ ናልባንዲያን ለቴአትሩ ተጫዋቾች ያስተማሩትን ያህል ባይሆንም፣ በዚያ ማዕድ ቤት የተቋረጠው ሰንሰለት አንዲት ቀለበት ስትቀጠልበት አየሁ።

እስካሁን በነጻ የወሰድነው ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ኖታ በኖታ የቀዳው ነው። ለማሲንቆ፣ ለክራር፣ ለዋሽንትና ለበገና ይህን የሚያደርግ ከእኛው መካከል መነሳት አለበት። የበገናው አሥር አውታር ንዝረት፣ የማሲንቆው ባለ አንድ አውታር ጩኸት በሌላ አገር ስቱዲዮ እስኪቀዳልን መጠበቅ የለብንም። እኛ ከቀዳነው ደግሞ ፈቃዱን እኛው እንጽፈዋለን፣ የተጫዋቹም ስም አብሮት ይሄዳል።

ወንድማችን ጀምሮታል። በተከታዩ ቅዳሜ ከጎረቤቱ ሰፈር ከሁስቢ አንድ አዛውንት ማሲንቋቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለ፣ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። «ቀስ ብለው፣ አባባ፤ አንዷን ብቻ» አላቸው። እሳቸውም ጭራውን በአውታሩ ላይ ሳቡት፣ ድምፁ ማዕድ ቤቱን ሞላው፣ እስኪከስም ማንም አልተነፈሰም። ያቺኑ ኖታ በመካከለኛ ኃይል ሊደግሙ ሲሉ ከታች አውቶቡስ አለፈ። ሁላችንም አውቶቡሱ እስኪርቅ ጠበቅን፤ እሳቸውም እንደገና ጭራውን አነሱ።